ያልተወጋ በሬ ፍለጋ ወደ ወላይታ

ወላይታ የሄድኩት የታመመ ከብት አፍንጫ ልጠርግ ነው። ኋላ ከምትስቁብኝ ከመነሻው ልናገረው። ሌላው ሰው ተራራና ሐይቅ አይቶ ፎቶ ይዞ ይመለሳል፤ እኔ ንፍጥ ይዤ ተመለስኩ። ያውም በደስታ!

ሥራዬ አዲስ አበባ ባለ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እኔና ባልደረቦቼ ዓመታት የለፋነው በአንዲት ባክቴሪያ ላይ ነው። የከብቱን ሳንባ ትይዛለች፣ ጉሮሮውን ታሳብጣለች፣ ትናንት ሲያርስ የዋለ በሬ ዛሬ ተዘርሮ ይገኛል። እኛ ደብረ ብርሃን ስናድግ በሽታውን ጎሮርሳ ነበር የምንለው። ክትባት የለውም እንዳትሉኝ፣ አለው። ችግሩ ባክቴሪያዋ ከላይ የምትደርበው ነገር ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ ለአንዱ አገር የተሠራው ክትባት የሌላውን አገር ከብት ላያድን ይችላል። አባቴ ያስከተበው በሬ የሞተበት ጊዜ «ተከትቦ እንዴት ይሞታል?» እያለ ቀኑን ሙሉ በረቱ ደጃፍ ተቀምጦ ዋለ። ተማሪ ነበርኩ፤ የምመልስለት አልነበረኝም።

አሁን ግማሽ መልስ አለን። ከደረበችው ሥር፣ በባክቴሪያዋ የውጭ ሽፋን ላይ፣ ምግብ የምታስገባባቸው ፕሮቲኖች አሉ። በሯ በሏቸው። ልብሷን እንደፈለገች ትለውጣለች፤ በሩን ግን አበላሽታ ብትለውጠው የምትበላው ታጣለች። የከብቱ ሰውነት ያንን በር እንዲያውቅ ካስተማርነው፣ ምን ለብሳ ብትመጣ አይስታትም የሚል ነው ተስፋችን። ከሰሜን፣ ከአፋርና ከቦረና በመጡት ናሙናዎች ላይ በሩን አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘነው። የቀረን የወላይታ ነበር። አለቃችን ቁርጡን ነገሩኝ፦ «የወላይታውም ያው ከሆነ ክትባቱን በእንስሳ ላይ መሞከር እንጀምራለን። ከተለየ ወይ ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ሥራውን እናጥፈዋለን። ሌላ ጉዞ የለም።» የስንት ዓመት ልፋቴ በአንድ በሬ አፍንጫ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው። በሬው ደግሞ መታመም ብቻ አይበቃውም፤ መድኃኒት ገና ያልተወጋ መሆን አለበት። አንዴ ከተወጋ ባክቴሪያዋ ትሞታለች፣ እኔም የሞተ ነገር ይዤ እመለሳለሁ።

ሰኞ

ነሐሴ እያለቀ ነበርና ከአዲስ አበባ የወጣነው በዝናብ ነው። ሹፌራችን ጋሽ ከድር የቡታጅራ ሰው ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ቀልደኛ፣ በመንገድ ላይ ማንንም የማይቀድሙ። እኔ ደግሞ ናሙና የማመጣበትን የበረዶ ሣጥን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር «ቀስ!» ስል «ኧረ ሙሉ፣ ሙሽራ የያዝኩ አስመሰልሽኝ» አሉኝ።

ቡታጅራ ላይ እህታቸው ዘንድ ለአምስት ደቂቃ ብለን ገባን። እዚያ ቤት አምስት ደቂቃ የሚባል ነገር አይታወቅም። ቆጮው መጣ፣ ጎመኑ መጣ፣ አይቤው መጣ፣ «አልበላሽም» ተባልኩ፣ እንደገና መጣ። በእኛ በኩል እንግዳ ሦስቴ ከለመኑት ይበቃል፤ እነሱ ልመናውን የሚጀምሩት ከሦስት በኋላ ነው። ሆዴን ይዤ ወጣሁ።

ሆሳዕናን አልፈን አረካ ስንደርስ ጎማችን ፈነዳ። ጋሽ ከድር እጅጌያቸውን ሰብስበው ከመኪናው ሥር ሲገቡ እኔ ጭቃው ላይ ቆሜ ስነጫነጭ፣ አንድ ባለ ሱቅ የራሱን ወንበር አውጥቶ ከዣንጥላው ጋር አቀረበልኝ። ቀጥሎ ሻይ መጣ። ቀጥሎ ሁለት ጎረምሶች መጥተው ጋሽ ከድርን ከጭቃው አስነስተው ጎማውን ራሳቸው ቀየሩ። ባለ ሱቁን ስሙን እንኳን ሳልጠይቀው ሄድኩ። ደብረ ብርሃን ብንሆን ኖሮ ሰዉ ያዝንልን ነበር፤ ግን ብርዱ አያስወጣውምና ከጋቢው ውስጥ ሆኖ ነው የሚያዝነው።

ሶዶ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ከተማዋ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች፤ ተራራው ያን ዕለት ደመና ተከናንቦ አልታየኝም። ሰው እርስ በርሱ በወላይትኛ እያወራ ወደ እኔ ሲዞር በአማርኛ ይቀጥላል፤ ሳቁን ግን መሀል ላይ አያቋርጠውም። በሆቴሉ እንግዳ ተቀባይዋ ሕይወት የበረዶ ሣጥኔን አይታ «ክትባት ነው?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። የበረዶ ከረጢቶቼን ተቀብላ የወጥ ቤቱን ማቀዝቀዣ ከፍታ፣ ሥጋውን ወዲያ ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ።

ማክሰኞ

ወደ ዲምቱ ወረድን። መውረድ ስላችሁ መውረድ ነው፤ ከሶዶ በሹራብ ተነስቼ ዲምቱ ስደርስ ሹራቡ በእጄ፣ ነጠላዬ በአናቴ ሆነ። መንገዱ ዳርና ዳር በቆሎና ስኳር ድንች ነው። የእኛ አገር ገብስ ዐይኑን ሳይገልጥ እዚህ በቆሎው ሰው ያህላል።

ዲምቱ ላይ ከብት እንዳመማቸው ሰምተን ነበር የሄድነው። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን አሰልፈው ጠበቁን። አንዱን አየሁ፣ ደህና ነው። ሁለተኛውን አየሁ፣ ደህና ነው። ሁሉም አፍንጫቸው የረጠበ፣ ጆሮአቸው የቆመ፣ ዐይናቸው የጠራ! አንድ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው «ባለፈው ሳምንት አልፎልናል፣ የሞቱት ሞቱ፣ የተረፉት ድነዋል፣ ጌታ ይመስገን» አሉኝ። እኔም «ተመስገን» አልኩ፤ ፊቴ ግን ጎምዛዛ ነገር እንደበላ ሰው ነበር። የሰው ከብት ዳነ ብሎ የሚከፋው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ።

ሽማግሌው መከፋቴን አይተው በባዶ አላሰናበቱኝም። የተቀቀለ በቆሎ በኩንታል ከረጢት ሞልተው መኪናው ላይ አስጫኑ። ጋሽ ከድር እየነዱ በቆሎ እየጋጡ «ናሙናው ባይገኝ እራት ተገኝቷል» አሉ። አልሳቅኩላቸውም። አንድ ቀን ውሃ በላው፤ የቀረኝ ተበላ የምትባለው የሁምቦ ወረዳ ከተማ ብቻ ነበረች።

ረቡዕ

ተበላ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ሩቅ አይደለችም። እዚያ የሚጠብቀን የእንስሳት ጤና ባለሙያው ማርቆስ ነበር። ስልክ ላይ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ፤ «የሚያስሉ ከብቶች ሞልተዋል፣ ብቻ ነይ» ብሎኛል። ወጣት ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፣ ሲያወራም ድምፁ እንደ መዝሙር ከፍ ዝቅ ይላል።

ደርሰን ስንወርድ ዐይኔን ማመን አቃተኝ። ከብቶቹ ሜዳው ላይ ታስረዋል፣ ታጥበዋል፣ ጸጉራቸው ያብለጨልጫል። አፍንጫቸው ሳይቀር በሳሙና ተጠርጓል! የአንዲቷ ላም ቀንድ ቅባት ተቀብቷል።

«ማርቆስ» አልኩት፣ «የታመሙትስ?»

«እነዚህ ናቸው» አለኝ በኩራት። «ትላንት ሁሉንም ወጋናቸው። እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተናገርኩ፤ ሰው ሁሉ ያመመውን አመጣ። ያለኝን መድኃኒት ጨረስኩ። ዛሬ ያው፣ ቆመው ይበላሉ።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። የአባቴ ልጅ ነኝና ጮኽኩ። «አትውጋ አላልኩህም? ሳይወጋ ነው የምፈልገው አላልኩህም?»

«ብለሽኛል» አለ ማርቆስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም እስከ ረቡዕ ላቆያቸው ብዬ ነበር። ሰኞ ማታ አንዲት ጊደር ስታቃስት ሰማሁ። መርፌ ኪሴ ውስጥ እያለ ለናሙና ብዬ ዝም ልበላት? ደግሞ እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ የታመመ ከብት አቁሞ ማሳየት ነውር ነው። ቤት ይጠረጋል፣ ከብት ይታጠባል። እንዲህ ነው ያደግነው።»

ከእውነት የራቀ አንዲት ቃል የለውም። እኔም መርፌ ይዤ ጊደሯን ብሰማት እወጋት ነበር። ግን ልክ መሆኑ ጭራሽ ቆሽቴን አሳረረው። ሄጄ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ዕንባዬ መጣ፤ ሰዎቹ ዐይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱልኝ። ጋሽ ከድር ብቻ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ግብዣ። የማርቆስ ባለቤት ዘነበች እንግዳ ይመጣል ብላ ከማለዳ ስትለፋ ውላ ሙቿ የሚባለውን የእንሰት ምግብ አቀረበች፤ ቅቤው ከላይ ይዋኛል። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ እኔ ጿሚ ነኝ! እነሱ የወንጌል አማኞች ናቸውና ረቡዕ ከማክሰኞ አይለይባቸውም። «እኔ እንኳ ዛሬ…» ብዬ ስጀምር ማርቆስ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ዛሬ ምንም ነገር አላማረልኝም!» አለ። ዘነበች ግን ሳቋን ለቀቀችው። ወጥታ ተመልሳ ስትመጣ የተቀቀለ ቦይና ይዛለች፤ እኛ ጎደሬ የምንለው ነው። አጠገቡ ዳጣ በርበሬ አስቀመጠች። ዳጣው ቅንድቤ ድረስ አላበኝ። እያለቀስኩ በላሁ፣ የትኛው ዕንባ የየትኛው እንደሆነ ማንም አልለየውም። ደብረ ብርሃን ሲከፋን ጥግ ይዘን እንቀመጣለን፤ እዚህ ከፍቶኛል ብለሽ ጥግ መያዝ አይቻልም፣ ተጨማሪ ይቀርብልሻል።

እዚያው አደርን። ነገ ሶዶ ተመልሰን ባዶ እጃችንን ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን ተባብለን ተኛን።

ሐሙስ

ጠዋት መኪናው ላይ ዕቃ ስጭን አንዲት ሴት የማርቆስን አጥር ይዛ ቆማ አየኋት። ነጭ ሻሽ አስራለች፣ እግሯ ጭቃ ነው፤ ከሩቅ መምጣቷ ያስታውቃል። ዘነበች «አስቴር ናት፣ ከዳገቱ ማዶ ናት ቤቷ» አለችኝ። አስቴር ማርቆስን አልፋ ወደ እኔ መጣች።

«ትላንት ያለቀስሽ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«ነኝ» አልኩ፣ ምን ብዬ ልካድ?

«በሬ አለኝ። በሬዋ ታማለች። አልተወጋችም።» በወላይትኛ አፏን የፈታች ናትና በሬውን «እሷ» ትለዋለች፤ ከተማው ውስጥም ብዙ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ።

ማርቆስ ደነገጠ። «አስቴር፣ አንቺ በሬ አለሽ እንዴ?»

ነገሩን ያስረዳችኝ ዘነበች ናት። በዚያ አገር ለመስቀል የሚታረድ በሬ ከቤት ውስጥ ታስሮ ይደልባል፤ ሰው ከሚኖርበት ጎን የራሱ ቦታ አለው። ስኳር ድንቹ፣ እንሰቱ፣ የበቆሎው ቅጠል በእጅ እየቀረበለት ወራት ይቀመጣል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ዐይን ይበላዋል ብሎ እስከሚታረድበት ቀን ለእንግዳ አያሳየውም። አስቴር ከእነዚያ አንዷ ናት። በሬው የእሷ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤቶቿ ሴቶች ጋር አብረው ገዝተው እሷ ነች የምታደልበው። ማክሰኞ ሰው ሁሉ የታመመውን ሲያወጣ እሷ ደብቃ አስቀርታለች። በሬው ግን ከትላንት ጀምሮ መብላት ትቷል።

«አንቺ ብቻ ትገቢያለሽ» አለችኝ አስቴር። «ወንዶቹ ደጅ። ስታያት ምንም አትበዪ። ውፍረቷን አታውሪ።»

«አፌን ዘጋሁ» አልኳት። ጋሽ ከድር ሳቃቸውን ለመዋጥ ወደ ጎማው ዞሩ።

ቤቷ ዙሪያው እንሰት ነው፤ ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ። ዐይኔ ሲለምድ በሬውን አየሁት። ወይ ጉድ! ጀርባው ላይ ምጣድ ቢጣድ አይወድቅም። «በስመ አብ፣ ይሄ በሬ ነው ወይስ…» ብዬ አፌ ሲከፈት የአስቴር መዳፍ ከንፈሬ ላይ አረፈ። ቃሌን የጠበቅኩት ለሦስት እርምጃ ያህል ብቻ ነው።

አስቴር ፊቷ ጠቆረ። ከምድጃው ዳር የተቀቀለ ስኳር ድንች አንስታ እጄ ላይ አኖረች። «ያደነቀ ያበላል» አለች፤ የዐይን ማርከሻ መሆኑ ነው። ወደ በሬው አፍ አስጠጋሁ። አሸተተው፣ ትንፋሹ እጄን እንደ እሳት ለበለበኝ፣ አፉን ግን አልከፈተም። ከጉሮሮው ሥር አብጧል፤ ሲተነፍስ ጎኑ ይመታል። ሁለታችንም ምን ማለት እንደሆነ ገብቶናል።

«ትሞታለች?» አለችኝ።

«ዛሬ ካልተወጋ አዎ።»

ያን ጊዜ ነው ልነግራት የሚገባኝን የነገርኳት። መድኃኒቱ ከተወጋ ከሥጋው ተጠርጎ እስኪወጣ ወር ያህል ይፈጃል፤ እስከዚያ ሥጋው አይበላም። መስቀል ደግሞ ደርሷል። ከደጅ ሆነው የሚሰሙት ጎረቤቶቿ ይሄን ሲሰሙ በወላይትኛ ተንጫጩ። ዛሬውኑ እንረደው የሚሉ ነበሩ፤ ከሞተማ ጥሬ ሥጋውም የለ፣ በሬውም የለ። የታመመ ከብት ሥጋ መብላት እንደማይገባ ተናገርኩ፤ ደስ ያለው ሰው የለም። መስቀልን በባዶ መሶብ መዋል ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ስታዩዋቸው ነው። እኛም በዓል እንወዳለን፤ እነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ወደዚያ ቀን እየሄዱ ነው።

ሁሉም የአስቴርን ቃል ጠበቁ። አስቴር የበሬውን ጆሮ ይዛ ቆማለች።

«አንቺ የምትወስጂው ምንድነው?» አለችኝ።

ስለ በሩ ነገርኳት። ባክቴሪያዋ ልብሷን እንደምትቀያይር፣ በሯን ግን እንደማትቀይር፤ የእሷ በሬ ውስጥ ያለችውም ያው በር ካላት፣ አንድ ክትባት ለሁሉም አገር ከብት ሊሆን እንደሚችል። ሊሆን ይችላል እንጂ ይሆናል አላልኳትም። እሷም ወደ ደጅ ወጥታ ለሴቶቹ ነገረቻቸው፤ ረጅም ነበር። አንዷ ተቆጣች፣ አንዷ ጠየቀች፣ አንዷ በመጨረሻ እጇን አወናጨፈች። አስቴር ተመልሳ ገባች።

«መስቀልን ጎመን እንበላለን» አለች። «መጀመሪያ ያንቺን ውሰጂ። ከዚያ ውጊያት።»

ረጅሙን ባለ እንጨት ጥጥ ወደ አፍንጫው ሳስገባ በሬው ራሱን ወዘወዘ፤ እኔ ከነቀሚሴ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። አስቴር ጆሮው ሥር የሆነ ነገር እያወራች አንገቱን አቀፈችው፣ እሱም ቀጥ ብሎ ቆመ። ወሰድኩ። ደግሜ ወሰድኩ። ጥጦቹን ጠርሙሳቸው ውስጥ አስገብቼ ክዳኑን አጠበቅኩ።

ከዚያ ወደ ደጅ ወጥቼ ማርቆስን «መርፌውን አምጣ» ስለው አንገቱን ደፋ። «ማክሰኞ ጨረስኩት አላልኩሽም?»

ጉድ ፈላ! መድኃኒቱ ያለው ሶዶ ነው። ጋሽ ከድር ምንም ሳልነግራቸው የመኪናውን ሞተር አስነሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ መኪና ሲቀድሙ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው።

ሶዶ መድኃኒቱን ገዛን። ሆቴል ደርሰን የበረዶ ከረጢቶቼን ላወጣ ብገባ ሕይወት ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «እህቴ፣ መብራት ከትላንት ጀምሮ የለም። በረዶሽ ውሃ ሆነ። ጎረቤት ሆቴልም ሄጄ ጠየቅኩልሽ፣ የእነሱም ያው ነው።» ሣጥኔ ውስጥ ያለው አሮጌው በረዶ ሊያልቅ ነው። ሁለት ምርጫ አለኝ፦ አሁኑኑ ወደ አዲስ አበባ መገስገስ፣ ናሙናው ሙቀት ሳያገኘው፤ ወይም መድኃኒቱን ይዤ ወደ ተበላ መመለስ፣ ናሙናው እየሞቀ። መድኃኒቱን በሚኒባስ መላክ ይቻላል ያለኝ ሰውም ነበር። ሚኒባስ እስኪሞላ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ ከድር መሪውን ይዘው ጠበቁኝ። ያ የበሬው ትንፋሽ አሁንም እጄ ላይ አለ። «ወደ ተበላ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ መኪናውን አዞሩት።

ማርቆስ መንገድ ዳር ጠበቀን፤ መድኃኒቱን ከእጄ ተቀብሎ በሞተር ሳይክል ወደ ዳገቱ በረረ። እኔ የሣጥኔን ክዳን ከፍቼ ጣቴን ከትቼ ቀረሁ። ለብ ብሏል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እዚያው ደግሞ ከአርባ ምንጭ በኩል ዓሣ የጫነ አይሱዙ መጥቶ ቆመ፤ ሹፌሩ ሙዝ ሊገዛ ወረደ። ከመኪናው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል። ጋሽ ከድር ነቅነቅ አደረጉኝ፦ «ሙሉ፣ በረዶ!»

ሮጬ ሄድኩ፣ ከነጭቃዬ። ሰውየው ሰምቶኝ ሲያበቃ «ለበሬ ንፍጥ ነው በረዶ የምትለምኚኝ?» አለኝ። ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሸራውን ገልጦ በአካፋ ዘገነልኝ። ቀና ብሎ ደገመኝ። «አባቴም ከብት ነበረው» ብቻ አለ። ሄዶ ሙዙን ገዛ፣ እኛንም አንድ እጅ አቀመሰን። ወደ ሶዶ ባልሄድ ኖሮ፣ ከሶዶም ባልመለስ ኖሮ፣ ያን ሰው አላገኘውም ነበር እያልኩ እስከ ሆሳዕና ድረስ ጋሽ ከድርን አደነቆርኳቸው።

ሆሳዕና አደርን። መብራት ነበር። ሣጥኔን አቅፌው ብተኛም አላፈርኩም።

ዓርብ

አዲስ አበባ ከሰዓት በፊት ገባን። ላቦራቶሪው ደጃፍ ሣጥኑን ስከፍተው ግቢው በሙሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ፤ ሁለት ድመቶች ተከትለውን እስከ በሩ ድረስ መጡ። ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁብኝ። ጠርሙሶቹ ግን ደህና ናቸው፤ ክዳናቸው እንደጠበቀ ነው። ናሙናውን ባክቴሪያ ለማብቀል በደም በተሠራው ምግብ ላይ ዘርቼ ቤቴ ሄጄ ታጠብኩ። ቀሚሴ ላይ ያለው የአስቴር ቤት ጭቃ አልለቅ አለ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው ሳልል ተመልሼ ሄድኩ። በቅላለች! ትናንሽ፣ ክብ፣ ግራጫ ጠብታዎች ሆና በሳህኑ ላይ ተበትናለች። ሌላው ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ ባክቴሪያዋን ማጥራት፣ የበሩን ፕሮቲን አሠራር ማንበብ፣ ከሌሎቹ ጋር ማስተያየት። በዚያ መሀል መስቀል መጣና አለፈ። እኔ ዶሮ በላሁ፤ እያንዳንዱ ጉርሻ ጎመን ጎመን አለኝ።

ውጤቱ የመጣ ዕለት አለቃችን ጠሩኝ። ኮምፒውተሩ ላይ የሰሜኑ፣ የአፋሩ፣ የቦረናውና የወላይታው ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል። ልብሷ የተለየ ነው፤ እዚህ ከምናውቃቸው አንዱንም አይመስልም። በሩን ግን ደጋግሜ ፈለግኩ፣ አንድ ልዩነት አላገኘሁም። ያው በር ነው። አለቃችን ሰው ሲያቅፉ አላየኋቸውም ነበር፤ ያን ዕለት አየሁ። «በሚመጣው ወር በአይጦች እንጀምራለን» አሉ።

ወደ ማርቆስ ደወልኩ። አስቴር በቅርብ ነበረችና ስልኩን ሰጣት።

«በሬውስ?» አልኳት።

«ዳነች። ትበላለች። ሴቶቹ እስከ ገና እናቆያት አሉ፤ በየቀኑ እየመጣ ያያታል ሰው ሁሉ፣ ምን ላድርግ።» ሳቀች። «መስቀልን ጎመን በላን፤ ጎረቤት ደግሞ ሥጋ ላከ፣ ይሄኛው ላከ፣ ያኛው ላከ፣ እኛ ብናርድ ከምናገኘው በለጠ። ያንቺስ? በሩ?»

«ያው ነው፣ አስቴር። አንድ ነው።»

ለማርቆስ በወላይትኛ የሆነ ነገር ነገረችው፣ እልልታ ሰማሁ፣ የማን እንደሆነ አላወቅኩም።

«አሁን ክትባቷ መቼ ትመጣለች?»

ልዋሻት አልፈለግኩም። ገና አይጥ አለ፣ ከዚያ ጥጃ አለ፣ ከዚያ ፈቃድ አለ አልኳት። ዓመታት ይፈጃል፤ መሀል ላይም ሊከሽፍ ይችላል።

«ይሁን» አለች። «እኔ በየዓመቱ በሬ አስራለሁ። ክትባቷ የደረሰች ዕለት መጀመሪያ የኔን ውጊ።»